«ደህና ነኝ» ትል የነበረችው እናት



«ሕክምና ከኪስ የማይከፈልበት ከሆነ ሰው ሳይታመም ሐኪም ቤት ይውላል» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይመስልም፤ ነፃ ነገር የሚጠላ የለምና። እስቲ ከግምት ይልቅ የሆነውን እንመልከት።

ሕክምናን ከታማሚው ኪስ መለየት ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1284 (683 ዓመተ ሂጅራ) ሱልጣን ቀላዉን በካይሮ ያሠሩት ቢማሪስታን በወቅፍ ገቢ እየተዳደረ ወንዱንም ሴቱንም በየክፍላቸው ያለ ክፍያ ያክም ነበር። መንግሥት ባቋቋመው መድን የሰዉ አካሄድ እንዴት እንደተለወጠ በግልጽ የምናየው ግን በብሪታንያ ነው።

በ1911 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ የመድን ሕግ አወጡ። ሠራተኛው በሳምንት 4 ፔኒ፣ አሠሪው 3፣ መንግሥት 2 ያዋጣሉ፤ ሠራተኛው ሲታመም ሐኪምና መድኃኒት ያገኛል። መልካም ሕግ ነበር። ችግሩ መድኑ የሠራተኛው ብቻ መሆኑ ነው። ደመወዝ የሌላት ሚስትና ልጆች ከወሊድ ድጎማ በቀር ምንም አልነበራቸውም።

ውጤቱን መገመት አያዳግታችሁም። አባት ሲያስለው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። እናት ግን የሐኪሙን ዋጋ ከዳቦው ጋር ታመዛዝንና «ደህና ነኝ» ትላለች። በ1939 ማርጀሪ ስፕሪንግ ራይስ በ1,250 ባለትዳር ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት በመጽሐፍ አወጡ። በመልካም ጤንነት ላይ የተገኙት ከሦስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞሉም ነበር። የደም ማነስ፣ የወገብ ሕመም፣ የጥርስ ሕመም፣ ከወሊድ የቀረ ጉዳት፤ አብዛኛውን እንደ ተፈጥሮ ዕጣቸው ተቀብለውት ይኖሩ ነበር።

ሐምሌ 5 ቀን 1948 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) የጤና ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን ያዘጋጁት ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ተጀመረ። ወጪው በአብዛኛው ከግብር ስለሚሸፈን ሁሉም ሰው ያለ ክፍያ እንዲታከም ሆነ። የሐኪሞች በር ተጨናነቀ። ማሕፀናቸው ወደ ታች ወርዶ ለዓመታት በጨርቅ ደግፈው የኖሩ እናቶች መጡ። ከሱቅ መደርደሪያ እያነሱ በግምት መነጽር ይገዙ የነበሩ ሽማግሌዎች ዐይናቸውን ተመረመሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ5 ሚሊዮን በላይ መነጽር ታደለ።

በጀቱ አልበቃም። «አላልንም? ሕዝቡ ነፃ ነገር ሲያገኝ አበዛው» የሚለው ወቀሳ ያን ጊዜ በረታ። በ1951 በሰው ሠራሽ ጥርስና በመነጽር ላይ ክፍያ ሲወሰን ቤቫን ከሥልጣን ለቀቁ፤ በ1952 ደግሞ ለመድኃኒት ማዘዣ 1 ሽልንግ ተጣለ።

እኔ ግን ወቀሳው ሚዛን የሳተ ይመስለኛል። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ሌሊት አልታመመም፤ የዓመታት ሕመሙን ይዞ ነው የመጣው። ማንስ ለመዝናናት ሲል ጥርሱን ያስነቅላል? በጊልቦ የሚመራው አጣሪ ኮሚቴ በ1956 ባቀረበው ዘገባ መሠረት አገልግሎቱ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት የሚወስደው ድርሻ በ1949/50 ከነበረበት 3.75 ከመቶ በ1953/54 ወደ 3.25 ከመቶ ወርዷል። ክፍያው በጥቂቱ አግዞ ሊሆን ይችላል፤ የተፈራው ማቆሚያ የሌለው ወጪ ግን አልታየም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሰውን የሚመዘግበው በቤተሰብ ነው። የድኾችን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። ስለዚህ የ1911ዱ የብሪታንያ ሕግ ያስቀራት እናት እዚህ ደብተሩ ውስጥ አለች። ሆኖም ጤና ጣቢያው ሩቅ ሲሆን፣ የታዘዘው መድኃኒት ሲጠፋ፣ ወይም ሕፃኑን የሚይዝላት ሲታጣ፣ ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እሷ ዛሬም «ደህና ነኝ» ትላለች። ደብተሩ በቤታችሁ ካለ፣ ባለፈው ዓመት የማን ስም ተነሥቶ ሐኪም ቤት እንደሄደ እስቲ አስታውሱ።