ሥጋ የማይቀርብበት በዓል፦ የሎክሽን ኩገል ታሪክ

«ሥጋ የሌለበት ገበታ» ሲባል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ጾም ነው፤ ከሥጋው ጋር ወተቱም፣ ቅቤውም፣ እንቁላሉም ይቀራልና። በምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ዘንድ ግን ሥጋው ቀርቶ ወተቱና ቅቤው የሚትረፈረፍበት የደስታ በዓል አለ። ይኸውም ከፋሲካቸው በኋላ ሰባት ሳምንት ተቆጥሮ በአምሳኛው ቀን የሚውለው፣ ኦሪት በሲና ተራራ መሰጠቷ የሚታሰብበት የሰባቱ ሱባዔ በዓል፣ በዕብራይስጥ ሻቩኦት የሚባለው ነው። በዚህ ዕለት ከሚቀርቡት የወተት ምግቦች አንዱ ሎክሽን ኩገል ይባላል።

የምግቡን ታሪክ ለመረዳት አስቀድሞ የአይሁድን ወጥ ቤት ማወቅ ያሻል። ኦሪት ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀልን በዘጸአት ሁለት ጊዜ፣ በዘዳግም አንድ ጊዜ ትከለክላለች። መምህራኑም ይህን ትእዛዝ አስፍተው ሥጋና ወተት አብረው እንዳይበስሉ፣ አብረውም እንዳይበሉ ደነገጉ። ከዚህ የተነሣ ሕጉን በሚጠብቅ ቤት ድስቱም፣ ሳህኑም፣ ማንኪያውም ሁለት ሁለት ነው። በሻቩኦት ወተትን የመምረጥ ልማድ የቆየ ሲሆን፣ በ1572 እ.ኤ.አ. የሞተው የክራኮቭ ሊቅ ሙሴ ኢሰርለስ በብዙ ሥፍራ የተለመደ መሆኑን መዝግቦታል። ለልማዱ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የኦሪት ቃል በወተትና በማር መመሰሉ ነው። የኑሮው ሁኔታም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ በዓሉ የሚውለው በግንቦትና በሰኔ፣ የአውሮፓ መስክ ለምልሞ ላሞች ወተት በሚያበዙበት ወራት ነውና።

ኩገል የሚለው ቃል ከጀርመንኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ ኳስ ወይም ድብልብል ነገር ማለት ነው። በሰንበት እሳት ማንደድ ክልክል በመሆኑ፣ የጀርመን አገር አይሁድ የሰንበቱን ወጥ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ወጡ ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ሲበስል ያድራል። በዚያው ድስት ውስጥ ይጨመር የነበረው የተድበለበለ ሊጥ የኩገል መነሻ ነው። ከጊዜ በኋላ ኩገል ከወጡ ተለይቶ በራሱ ዕቃ ይጋገር ጀመር፤ በዳቦው ሊጥ ፋንታም ድንች ወይም ሎክሽን ገባበት። ሎክሽን በይዲሽ ቋንቋ፣ በእንቁላል ታሽቶ፣ በስሱ ተዳምጦ በቀጭኑ የተቆረጠ የፓስታ ዓይነት ነው፤ ሊቃውንት የቃሉን ሥር እስከ ፋርስ ድረስ ያደርሱታል።

የሰንበቱ ኩገል ከሥጋ ጋር ስለሚበላ በዝይ ወይም በዶሮ ስብ ይሠራ ነበር። የሻቩኦቱ ግን ሌላ መልክ አለው። ሎክሽኑ ተቀቅሎ ከጠለለ በኋላ ከአይብ፣ ከኮመጠጠ ስልባቦት፣ ከተመታ እንቁላልና ከቀለጠ ቅቤ ጋር ይለወሳል፤ ብዙ ጊዜም ስኳር፣ ቀረፋና ዘቢብ ይጨመርበታል። ቅቤ በተቀባ መጋገሪያ ተደርጎ ላዩ ወርቅማ እስኪሆን በምድጃ ይቆያል። ጣፋጭነቱ የራሱ ታሪክ አለው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ከቀይ ሥር ወገን ከሆነ ተክል ስኳር የሚያወጡ ፋብሪካዎች በፖላንድ ምድር ሲስፋፉ፣ ቀድሞ ውድ የነበረው ስኳር ወደ ተራው ሰው ማዕድ ደረሰ።

ከ1881 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. ድህነትና ጥቃት ያስመረራቸው ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚሆኑ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ኩገሉም አብሯቸው ተሻገረ፤ በእጅ ይዳመጥ የነበረውን ሎክሽን ግን በዚያ አገር የፋብሪካ ፓስታ ተካው።

በትውልድ አገሩ የቀረው የወጥ ቤት ሙያ ዕጣ የከፋ ነበር። በቪልና ከተማ፣ በዛሬዋ ቪልኒዩስ፣ ፋኒያ ሌቫንዶ የምትባል ሴት ሥጋ የማይቀርብበት ምግብ ቤት ነበራት፤ ሠዓሊው ማርክ ሻጋል በእንግዶች መዝገቧ ላይ ከፈረሙት አንዱ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. በይዲሽ ያሳተመችው መጽሐፍ 400 ያህል ሥጋ የለሽ ምግቦችን አሠራር ይዟል፤ ኩገሎችም ይገኙበታል። ከሦስት ዓመት በኋላ የናዚ ጦር ቪልናን ያዘ። ወደ 60,000 ከሚጠጉት የከተማይቱ አይሁድ አብዛኞቹ ተገደሉ፤ ብዙዎቹም በፖናሪ ደን ውስጥ በጥይት አለቁ። ሌቫንዶና ባሏም ከጦርነቱ አልተረፉም።

ከመጽሐፉ ግን ጥቂት ቅጂዎች ተርፈው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ። ሌቫንዶ ስትጽፍ ያሰበችው ጎረቤቶቿን ጤናማ ምግብ ለማስተማር ነበር፤ የጠፋ ከተማ መታሰቢያ ላቁም ብላ አልነበረም። ሆኖም እናት ለልጅ በእጅ ታሳየው የነበረው ሙያ ባለቤቶቹ ባለቁበት ሥፍራ ሁሉ ከእነርሱ ጋር ሲቀበር፣ እሷ መጥና የጻፈችው ቅቤና ዱቄት ዛሬም በማያውቋት ሰዎች እጅ ይለካል፣ በምድጃቸውም ይጋገራል።