ማን ተሰማ? የሮክ ሙዚቃ በስታዲየም፣ ከሺአ እስከ ዌምብሌይ



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጉዳይ ለታሪክ ትምህርት ክፍል መድረክ እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ጦርነት፣ ስለ ዙፋን ወይም ስለ መሬት ይዞታ አይደለም፤ ስለ ጩኸት ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ፣ ሃምሳና ሰባ ሺህ ሰው በአንድ ስታዲየም ተሰብስቦ ሮክ ሙዚቃ ሲታደም በእርግጥ የሚሰማው ማን ነበር? የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው። የምጠቅሳቸው ዘመኖች፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተለመደው ትረካ ቀላል ነው። በመጀመሪያ መሣሪያው ደካማ ስለነበረ ድምፁ መጥፎ ነበር፤ ቀጥሎ መሐንዲሶች መሣሪያውን አሻሻሉት፤ ድምፁ እየጠራ ሲሄድ የታዳሚውም ደስታ አብሮ ጨመረ ይባላል። የትረካው የመጀመሪያ ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ከማስረጃው ጋር አይጣጣምም፤ የታዳሚው ስሜት ከጋለባቸው ሌሊቶች አንዱ ከመድረኩ ምንም ያልተሰማበት ሌሊት ነበርና።

ያ ሌሊት ኦገስት 15 ቀን 1965 ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ የነበረው የሺአ ስታዲየም ለቤዝቦል ጨዋታ የተሠራ ነበር። ሲድ በርንስታይን የተባለው የሙዚቃ ድግስ አዘጋጅ ቢትልስን በዚያ አቀረበና 55,600 ሰው ገባ፤ የተሰበሰበው 304,000 ዶላር በጊዜው ለአንድ የሙዚቃ ዝግጅት ታይቶ የማይታወቅ ገቢ ነበር። አራቱ ወጣቶች አሥራ ሁለት ዘፈን ተጫውተው በግማሽ ሰዓት ገደማ ጨረሱ። መድረኩ በሜዳው መካከል ስለተተከለና ታዳሚው ሜዳው ላይ እንዳይወርድ ስለተከለከለ፣ በዘፋኙና በመጀመሪያው ተመልካች መካከል ባዶ ሣር ተዘርግቶ ነበር።

መሣሪያውን እንመልከት። ጊታሮቹ የተገናኙት ቮክስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከሠራቸው ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየሮች ጋር ነበር። ዛሬ አንድ መጠነኛ የሠርግ አዳራሽ ከዚህ የበለጠ ኃይል ይጠቀማል። የዘፋኞቹ ድምፅ በአብዛኛው የተላለፈው በስታዲየሙ የማስታወቂያ ድምፅ ማጉያዎች ነው፤ እነዚህም የተተከሉት ቀጥሎ የሚመታው ተጫዋች ማን እንደሆነ ለማብሠር እንጂ ለዜማ አልነበረም። ዘፋኞቹ የራሳቸውን ድምፅ መልሰው የሚሰሙበት፣ ዛሬ ሞኒተር የምንለው ወደ መድረኩ የዞረ ማጉያ አልነበራቸውም።

የተፈጥሮ ሕግም አላገዛቸውም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአንድ የድምፅ ምንጭ ያለን ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር፣ በገላጣ ቦታ፣ ኃይሉ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ማጉያዎቹ በስታዲየሙ ዙሪያ ተበታትነው ሲተከሉ ደግሞ አንዲት ቃል ከቅርቡ ማጉያ ቀድማ፣ ከሩቁ ዘግይታ ትደርሳለች፤ ሰሚው ከዘፈን ይልቅ የገደል ማሚቶ ይሰማል። ሕንፃውም ቢሆን ገለልተኛ አይደለም። የስፖርት ስታዲየም ዙሪያውን የተደረደረ ደጋፊ ጩኸቱን ወደ ሜዳው እንዲያወርድ የተመቸ ቅርጽ አለው። በሌላ አነጋገር፣ ሙዚቀኞቹ የገቡት አስቀድሞ ለታዳሚው ባደላ ቤት ውስጥ ነው።

ውጤቱ የታወቀ ነው። ከበሮ መቺው ሪንጎ ስታር ዘፈኑ የት እንደደረሰ ለማወቅ ከፊቱ የቆሙትን ጓደኞቹን የጀርባ እንቅስቃሴ ይከታተል እንደነበር ከዓመታት በኋላ ተናግሯል። በመጨረሻው ዘፈን ላይ ጆን ሌነን ኦርጋኑን በክርኑ እየደቃ ሲስቅ በፊልሙ ይታያል። ቢሳሳት ማን ይሰማዋል?

ይህን ፊልም ስጠቅስ ግን ለታሪክ ተማሪ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባኛል። የሺአው ዝግጅት በበርካታ ካሜራዎች ተቀርጾ ለቴሌቪዥን ቀርቧል። ሆኖም የተቀዳው ድምፅ ብዙ ጉድለት ስለነበረበት፣ ሙዚቀኞቹ በጃንዋሪ 1966 ለንደን ውስጥ ስቱዲዮ ገብተው ከፊሉን በምሥጢር እንደገና ሠሩት። ስለዚህ ዛሬ ፊልሙን የሚመለከት ሰው የሚሰማው በዚያ ሌሊት ከ55,600 ሰዎች አንዱም ያልሰማውን ነው። የብራና መጻሕፍትን ያጠኑ ባልደረቦቼ ይህን ዓይነቱን ነገር በሚገባ ያውቁታል፤ ሲገለብጥ የደበዘዘውን ያቃና፣ የጎደለውን ከራሱ የሞላ ቁም ጸሐፊ ሥራ ነው። ቅጂው ያምራል፤ የሚያምረውም ስለተነካ ነው።

ከዚህ ይልቅ እኔ የምተማመነው በአንድ ደካማ ካሴት ነው። ኦገስት 29 ቀን 1966 ቢትልስ ሳን ፍራንሲስኮ በነበረው የካንድልስቲክ ፓርክ ስታዲየም የመጨረሻውን ባለትኬት ዝግጅታቸውን ሲያቀርቡ፣ የፕሬስ ኃላፊያቸው ቶኒ ባሮው በፖል ማካርትኒ ጥያቄ በትንሽ የእጅ መቅረጫ ቀዳው። ድምፁ ደብዛዛ ነው፤ በመጨረሻው ዘፈን መካከልም ካሴቱ አልቆ ይቋረጣል። ማንም እጁን ስላላስገባበት ግን ከሺአው ፊልም ይልቅ ለጊዜው ይቀርባል። ወንበሩ 42,500 ሲሆን የተሸጠው ትኬት 25,000 ገደማ እንደነበርም ልብ በሉ። ከዚያ በኋላ ጉዞ አቆሙ። ምክንያቱ ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ በፊሊፒንስ የደረሰባቸው እንግልትና ሌነን ስለ ክርስትና በተናገረው ቃል የተነሣው ቁጣም ነበሩበት። ነገር ግን ራሱን የማይሰማ ሙዚቀኛ ሥራውን መውደድ እንደሚከብደው መረዳት አያዳግትም።

የዘመኑ ጋዜጦች ስለሚጮኹት ታዳሚዎች ሲጽፉ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩና፣ እንደ በሽታ ቆጥረውታል። ይህን ፍርድ አልቀበለውም። እነዚያ ልጆች ሸክላውን ቤታቸው ነበራቸው፤ የጠራ ድምፅ ከፈለጉ ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ትኬት ገዝተው የመጡት ሊሰሙ እንጂ ሊያዳምጡ አልነበረም ብል ከማስረጃው የራቅሁ አይመስለኝም። በእኛ የዜማ ባህል አውጪና ተቀባይ አለ፤ በአዝማሪ ቤት ደግሞ አድማጩ ራሱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። ይህ የሚሆነው ቤቱ ጠባብ፣ ፊት ለፊት መተያየትም የሚቻል ስለሆነ ነው። ሺአ ላይ 55,600 ተቀባይ ነበረ፤ አውጪው ግን አልተሰማም። ስለዚህ ተቀባዩ የሚቀበለው ነገር አጥቶ በራሱ ጮኸ።

ቀጥሎ የመጡት አሥር ዓመታት የመሐንዲሶች ናቸው። ቢል ሃንሊ በ1969 በውድስቶክ ሜዳ ለተሰበሰበው 400,000 ያህል ሕዝብ ማጉያዎቹን በረጃጅም ማማዎች ላይ ሰቀለ። በ1973 ዋትኪንስ ግሌን በተባለው የመኪና ውድድር ሥፍራ 600,000 ያህል ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ ከመድረኩ ርቀው የተተከሉ ማማዎች ሥራ ላይ ዋሉ። እዚህ ላይ ያለው ብልሃት ቀላልና ግሩም ነው፦ ኤሌክትሪክ ከድምፅ እጅግ ስለሚፈጥን፣ ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ ለቆመ ማማ የሚላከው ድምፅ ሆን ተብሎ ወደ 0.29 ሰከንድ ይዘገያል፤ በዚያን ጊዜ ከመድረኩ በአየር የመጣው ድምፅ ይደርስበታል፤ ሰሚውም ሁለቱን እንደ አንድ ይሰማል። የሺአው ማሚቶ መድኃኒት የተገኘለት በማፍጠን ሳይሆን በማዘግየት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ግሬትፉል ዴድ የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ በ1974 ያቆመው «የድምፅ ግንብ» ነው። አውስሊ ስታንሊ የተባለ ሰው ከጠነሰሰው ሐሳብ ተነሥተው፣ ከ500 በላይ ማጉያዎችን ከሙዚቀኞቹ በስተኋላ እንደ ግድግዳ ደረደሩ። ክብደቱ 75 ቶን፣ ኃይሉም 26,000 ዋት ገደማ ነበር። ግንቡ ከኋላ መሆኑ ዋና ቁም ነገሩ ነው፤ ታዳሚው የሚሰማውን ሙዚቀኛውም በዚያው ቅጽበት ይሰማል። ማይክሮፎኑ ከኋላው ያለውን ማጉያ ሰምቶ እንዳያፏጭ፣ ለእያንዳንዱ ዘፋኝ ሁለት ማይክሮፎን በተቃራኒ ዋልታ ተገጠመለት፤ ሁለቱም እኩል የሚሰሙት የግንቡ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ዘፋኙ በአንዱ ብቻ ስለሚዘፍን የእሱ ድምፅ ይተርፋል። ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ዓመት ውስጥ ተተወ። የሚያጓጉዙት መኪኖችና የሚተክሉት ሠራተኞች ወጪ ገቢውን በላው።

ሌሎች አጭሩን መንገድ መረጡ፤ ድምፁን ማብዛት። ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ሜይ 31 ቀን 1976 በለንደን ቻርልተን ሜዳ ሲጫወት፣ ከማጉያዎቹ 32 ሜትር ርቀት ላይ 126 ዴሲቤል ተለካ፤ የጊነስ መጽሐፍም መዘገበው። ጆሮን ማሳመም የሚጀምረው ከ120 ዴሲቤል አካባቢ ነው። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ፒት ታውንሸንድ የመስማት ጉዳቱን ራሱ በአደባባይ ተናግሯል፤ ጊነስም ጆሮን ለጉዳት እንዳይጋብዝ በኋላ ይህን ዓይነቱን ውድድር መመዝገብ ተወ። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ መጠን ፊት የሚሊዮን ሕዝብ ጩኸትም አይሰማም። ሺአ ላይ ታዳሚው ሙዚቀኛውን ዝም አሰኝቶ ነበር፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሙዚቀኛው ታዳሚውን ዝም አሰኘው። መሻሻል የምንለው በከፊል የሥልጣን ዝውውር ነበር።

በ1977 ከዚህ የወጣ አንድ ሙከራ እናያለን። ክዊን የተባለው ባንድ በስታፎርድ ቢንግሊ አዳራሽ ዝግጅቱን ሲጨርስ፣ ታዳሚው አልበተንም ብሎ የእግር ኳስ ደጋፊዎችን መዝሙር ዘመረለት። ጊታር ተጫዋቹ ብራያን ሜይ ከዚያ ሌሊት በመነሣት ሕዝቡ በእግሩና በእጁ የሚጫወተው ዘፈን ጻፈ፤ ሁለት ጊዜ መርገጥ፣ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ። ሜይ ፊዚክስ የተማረ ሰው ነው። በስቱዲዮ የተቀዳውን ርግጫ ደጋግሞ በተለያየ መዘግየት ሲያነባብር፣ ማሚቶ እንዳይመስል ሳይሆን በተለያየ ርቀት የቆመ ብዙ ሕዝብ እንዲመስል አድርጎ አሰላው። ዜማው ዝግ ያለ፣ ባዶ ቦታ የበዛበት ነው። ትልቅ ሕንፃ የሚያዘገየው ድምፅ በዚያ ባዶ ቦታ ይወድቃል። እኔ እስከማውቀው፣ ለስታዲየሙ ጠባይ እንዲህ ተጠንቅቆ የተጻፈ የሮክ ሥራ ጥቂት ነው።

በዚህ መንገድ ዌምብሌይ እንደርሳለን፤ ጁላይ 13 ቀን 1985፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977። ላይቭ ኤይድ የተዘጋጀው በአገራችን ለደረሰው ረኃብ ገንዘብ ለማሰባሰብ እንደሆነ እዚህ ላለን ለማናችንም አዲስ አይደለም። የእርዳታው ፖለቲካ ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል፤ አሁን የምከተለው ድምፁን ብቻ ነው። 72,000 ያህል ሰው በነበረበት ስታዲየም፣ ክዊን በሃያ ደቂቃ ገደማ ቆይታው፣ ፍሬዲ መርኩሪ ቃል የሌለው ዜማ እያወጣ ሕዝቡ ሲቀበለው ተሰማ። ማጉያው ከሕዝቡ ይበልጥ ነበር፤ አውጪው ግን እያወቀ ዝም ይል ነበር። ማታ ላይ ደግሞ ያው የሺአው ፖል ማካርትኒ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ መዝፈን ሲጀምር ማይክሮፎኑ አልሠራም። ደቂቃዎች አለፉ። ሕዝቡ ግጥሙን በቃሉ ያውቅ ነበርና አብሮ ዘፈነ። ከሃያ ዓመት በፊት የሰመጠበት ድምፅ ይህን ጊዜ ደገፈው።

በዚያው ቀን ዴቪድ ቦዊ ከዝግጅቱ አንድ ዘፈን ቀንሶ በቦታው ፊልም እንዲታይ አደረገ። የረኃብተኞቹ ምስል ነበር፤ ሕፃናት፣ እናቶች፣ በአቧራ ውስጥ የተቀመጡ ሽማግሌዎች። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። በምስሉ ላይ የተደረበው ድምፅ ግን ዘ ካርስ የተባለ የአሜሪካ ባንድ የፍቅር ዘፈን ነበር። በዚያን ዕለት ባለማይክሮፎኖቹ ተሰሙ፤ ባለትኬቶቹም ተሰሙ። የእኛ ሰዎች ፊታቸው ታየ፤ አማርኛቸውም ሆነ ትግርኛቸው ግን አልተሰማም። ስለ ድምፅ ጥራት የተጻፉት የላይቭ ኤይድ ታሪኮች ይህን ጉዳይ የድምፅ ጉዳይ አድርገው አይቆጥሩትም። እኔ እቆጥረዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልበል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክርስቲያን ሃይል የተባለው ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሰው ያወጣው፣ ማጉያዎችን በቀጭን አምድ አንጠልጥሎ ድምፁን ወደ ሩቅ የማነጣጠር ዘዴ ዛሬ በየትኛውም ትልቅ መድረክ ይታያል። የሩቁ ወንበር ከቅርቡ ብዙም አያንስም። ሙዚቀኞቹም ጆሮን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ትንሽ ማዳመጫ ያደርጋሉ፤ የራሳቸውን ድምፅ አጥርተው ይሰማሉ። ይህ ሲሆን አዲስ ቅሬታ መጣ፤ ሙዚቀኞቹ ሕዝቡን መስማት ተሳናቸው፤ በባዶ ክፍል የሚዘፍኑ መሰላቸው። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ከመድረኩ ጫፍ ወደ ታዳሚው የዞሩ ማይክሮፎኖችን መትከል ነው። የድምፅ ባለሙያው የሕዝቡን ጩኸት በአንድ ጣቱ ከፍና ዝቅ እያደረገ፣ በመጠኑ ወደ ዘፋኙ ጆሮ ይልከዋል።

እዚህ ላይ ላቁም፤ ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።