ነገረ ፈጅና ኩባንያ በምዕራብ ሸዋ

አባቶቻችን «ከነገሩ ጦም እደሩ» ሲሉ የተናገሩት ሙግትን ፈርተው አይደለም፤ ሙግት ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚበላ በሚገባ ስለሚያውቁ ነው። ነገር ግን ሸሹትም አልሸሹትም መምጣቱ አይቀርምና፣ አቅም ያለው ሰው ሁሉ ነገሩን የሚጨርስለት ሌላ ሰው ማቆሙ የቆየ ልማድ ነው። ይህም ሰው ነገረ ፈጅ ይባላል።

በአምቦ ፍርድ ቤት ደጅ የሚመላለስ ባለጉዳይ ጠበቃንና ነገረ ፈጅን ለይቶ ላያውቅ ይችላል። ሁለቱም ፋይል ታቅፈው ይገባሉ፤ ሁለቱም አንቀጽ እየጠቀሱ ይከራከራሉ። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ጠበቃ ለመጣ ባለጉዳይ ሁሉ ደጁን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ነገረ ፈጅ ደመወዙን ከአንድ ቤት ይቀበላል፣ የዚያንም ቤት ምስጢር ይጠብቃል። ይህ ሥራ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በአጭሩ ለመመልከት እንወዳለን።

በቀድሞው ዘመን ነገረ ፈጅ የሚያቆሙት መኳንንትና ሰፊ ርስት ያላቸው አድባራት ነበሩ። የሚመረጠውም ሰው የርስቱን ወሰን በቃሉ የሚያውቅ፣ በላ ልበልሃ ብሎ ሲነሣ አንደበቱ የማይያዝ መሆን ነበረበት። በምዕራብ ሸዋ ያለው የኦሮሞ ሕዝብ ደግሞ ጠቡን በጃርሱማ ሥርዓት፣ በዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጡ ሽማግሌዎች ፊት ያበርድ ነበር። በዚያ ዋናው ጉዳይ የተጣሉት ሰዎች ነገ በአንድ ገበያ መገናኘት መቻላቸው ነው እንጂ ማን ረታ የሚለው አልነበረም።

ኩባንያ የሚባለው እንግዳ አካል ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ። በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን ሳያማክር ከኩባንያው ጋር ሲዋዋል፣ በወረቀት ላይ ያለ ቃል የአገርን ክብር እስከ መንካት ሊደርስ እንደሚችል ታየ። ንጉሠ ነገሥቱም ተቈጡ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስቴር ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ተሰጠ፤ አንደበት ብቻ ይበቃበት የነበረው የሙግት ዓለምም ቀስ በቀስ ወደ ጽሑፍ ዞረ።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች በታወጁ ጊዜ ነው። የንግድ ሕጉ ማኅበርን እንደ ሰው ቈጠረው፤ ንብረት ይኖረዋል፣ ይዋዋላል፣ ይከስሳል፣ ይከሰሳል። ነገር ግን ይህ ሰው አፍም እጅም የለውምና የሚናገርለትና የሚፈርምለት ያስፈልገዋል። ፍትሐ ብሔሩም በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋሉት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ ነው ብሎ በቁጥር 1731 ደነገገ። በ1956 ዓ.ም. የሕግ ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲው ሲከፈት፣ ሕግን በልምድ ሳይሆን በትምህርት የሚያውቅ ነገረ ፈጅ ማግኘት ተቻለ።

ወደ አገራችን ክፍል ስንመለስ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚታወሰው የአምቦ ውሃ ነው። ይህ ጠበል መሰል የማዕድን ውሃ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ታላላቅ ድርጅቶችን ሲወርስ፣ የማምረቻ ሀብት ከግል እጅ ወጣ። በ1976 ዓ.ም. ደግሞ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በአዳ በርጋ ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን ባለቤቱም ተቈጣጣሪውም መንግሥት ስለ ነበረ፣ የነገረ ፈጁ ሥራ ጠበበ፤ ዕዳ ማስከፈል፣ የሠራተኛን ጉዳይ መከራከር፣ ለበላይ መሥሪያ ቤት ሐሳብ ጽፎ መላክ ዋናው ተግባሩ ሆነ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን ሸክሙ በአንድ ጊዜ በዛ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ በአምቦ የሚከራከር ነገረ ፈጅ በአማርኛ የተጻፈውን ውል ይዞ በአፋን ኦሮሞ መሟገት ይኖርበታል። ሳብሚለር የተባለው ዓለም አቀፍ ኩባንያ በ2001 ዓ.ም. በአምቦ ውሃ ድርሻ ሲገባ፣ የውሉ ቋንቋም ሌላ ተጨመረበት። በ2007 ዓ.ም. የዳንጎቴ ፋብሪካ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን ሲሚንቶ ለማምረት በዚያው በሙገር አካባቢ ተመረቀ።

የንግድ ምልክት ነገርም አለ። አምቦ የከተማ ስም ነው፤ ሕዝቡ ግን ከየትም ይምጣ ጋዝ ያለውን ውሃ ሁሉ «አምቦ ውሃ» ይለዋል። የሕዝብ አፍ የጋራ ያደረገውን ስም የአንድ ፋብሪካ ነው ብሎ መጠበቅ፣ የ1998 ዓ.ም. የንግድ ምልክት አዋጅ ከወጣ በኋላም ቢሆን ቀላል ሥራ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የመሬት ጉዳይ ነው። ፋብሪካ ድንጋይ የሚፈልጠው፣ አበባ የሚተከለው፣ መንገድ የሚቀደደው ገበሬ ባረሰው መሬት ላይ ነው። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባንና የአካባቢውን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በመቃወም በአምቦ የተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት የጠፋበት መሆኑን የማያስታውስ የለም፤ ዕቅዱም በ2008 ዓ.ም. ቀረ። ካሳን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከዚያ በኋላ ወጣ። ገበሬው ነገረ ፈጅ የለውም፤ ኩባንያው ግን አለው። እንግዲህ ነገረ ፈጁ በወረቀቱ ጫፍ ያገኛትን ቀዳዳ ለጌታው ጥቅም ማዋል ነው ወይስ «ይህ ካሳ አነሰ፣ ነገ ይጸጽተናል» ማለት ነው የሚገባው?

እኛ በሥራችን አጋጣሚ የተመለከትነውን አንድ ጉዳይ ብንናገር አይከፋም። ስሙን በማንጠራው በአንድ ድርጅት፣ ሥራ አስኪያጁ አንድን ሠራተኛ በቍጣ አሰናበተ። ነገረ ፈጁ በትሕትና ቀርቦ፣ ስንብቱ በሠራተኛ ሕግ የተዘረዘረ ምክንያት እንደሌለው በጽሑፍ አስረዳ። «አንተ የተቀጠርከው ለእኛ ነው ወይስ ለእሱ?» የሚል መልስ ተሰጠው። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ሠራተኛውም ወደ ሥራው እንዲመለስና ውዝፍ ደመወዙ እንዲከፈለው ተፈረደ። ያ ነገረ ፈጅ በችሎት ቆሞ ያላመነበትን ሲከራከር ፊቱ እንዴት እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አንረሳውም።

ለሥራ አስኪያጁ ጥያቄ መልሱ ቀላል ይመስለናል። ነገረ ፈጅ የተቀጠረው ለድርጅቱ ነው፤ ድርጅት ማለት ግን የሥራ አስኪያጁ ቍጣ ማለት አይደለም። ቍጣ በማግሥቱ ይበርዳል፤ ድርጅቱ ግን ከሠራተኛውም ከጎረቤቱም ጋር ገና ብዙ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ ታላላቅ ኩባንያዎች ነገረ ፈጁን ክስ ከመጣ በኋላ ከመጥራት ይልቅ፣ ውሉ ሳይፈረም፣ ሠራተኛው ሳይባረር፣ መሬቱ ሳይታጠር አስቀድመው ቢያማክሩት ይጠቀማሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

የጥንቱ ነገረ ፈጅ የሚመሰገነው ሙግት በመርታቱ ነበር። የዛሬው ግን ሙግቱ ጨርሶ እንዳይነሣ በማድረጉ ይመሰገናል፤ እንዲህ ያለው ምስጋና ደግሞ ያልተነሣን ክስ የሚቈጥር ሰው ስለሌለ ብዙ ጊዜ አይሰማም። በዚህ ረገድ የአምቦ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ያውቁት የነበረውን ጥበብ፣ ነገ በአንድ ገበያ የመገናኘትን ጥበብ፣ የኩባንያው ነገረ ፈጅ በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ እንደ ገና እየተማረው ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።