ማነጻጸሪያ ሰው

የአካል ጥናት መጽሐፍ ገና በመግቢያው «የሰው ደም አምስት ሊትር ያህል ነው» ሲል፣ የማን ደም ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ያ ባለ አምስት ሊትር ሰው ግን ስም አለው፤ በሙያው ቋንቋ «ሪፈረንስ ማን» ይሉታል። እኔ «ማነጻጸሪያ ሰው» ብዬዋለሁ። «አማካይ ሰው» ማለት ያሳስታል፤ ለስሌት እንዲመች ባለሙያዎች የተስማሙበት ሰው እንጂ ከዓለም ሕዝብ ተለክቶ የተገኘ አማካይ አይደለም።

ሰውዬውን የፈጠረው የጨረር ጥበቃ ነው። ጨረር በሳንባ ወይም በአጥንት ላይ ምን ያህል እንደሚያርፍ ለማስላት የሳንባውና የአጥንቱ ክብደት መታወቅ ነበረበት። ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ሰነድ እንዲህ ሲል ወሰነው፦ ዕድሜው ከ20 እስከ 30፣ ክብደቱ 70 ኪሎ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ዘሩ ነጭ፣ አኗኗሩ የምዕራብ አውሮፓ ወይም የሰሜን አሜሪካ። የአገሩ ሙቀት ሳይቀር ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ተብሎለታል። (በሙቀቱ ብቻ ቢሆን አዲስ አበቤም ባለፈ ነበር።) ሴቶችና ሕፃናት የየራሳቸውን የተሟላ ልኬት ያገኙት በ2002 ነው።

ይህን ሰው የእስራኤሏ ከተማ ሬሆቮትም ታውቀዋለች። የዋይዝማን የሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎቹ ሮን ሴንደርና ሮን ሚሎ፣ ከሻይ ፉክስ ጋር ሆነው በ2016 ባሳተሙት ጥናት ሕዋሳቱን ቆጠሩለት፤ 30 ትሪሊዮን ሆኑ። በሰውነታችን ያሉት ባክቴሪያዎች የሕዋሳታችን አሥር እጥፍ ናቸው ሲባል የኖረውም በዚህ ቆጠራ ወደቀ፤ ባክቴሪያዎቹ 38 ትሪሊዮን፣ ክብደታቸውም 200 ግራም ገደማ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው፦ ከሕዋሳታችን 84 በመቶ የሚሆኑት ቀይ የደም ሕዋሳት ሲሆኑ፣ የክብደታችንን ትልቁን ድርሻ የያዙት የጡንቻና የስብ ሕዋሳት በቁጥር ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም።

በዚያው ከተማ፣ ብዙ ቤተ እስራኤል በሚኖሩበት በቂርያት ሞሼ፣ ነገሩ ከስሌት ያለፈ ነው። የላቦራቶሪ «መደበኛ ልክ» ከብዙ ጤነኞች ደም የሚወጣ ቢሆንም፣ ጤነኞቹ እነማን ነበሩ የሚለው ጥያቄ ያው ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ1,500 ሲያንሱ ውጤቱ «ዝቅተኛ» ተብሎ ይመጣል። ከኢትዮጵያ በመጡ ቤተሰቦች ዘንድ ግን ምንም ሕመም ሳይኖር ከዚያ በታች መሆን የተለመደ ነው። ምክንያቱ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን አለመኖሩ ነው፤ የሚወረስ ባሕርይ ነው። መቅኔያቸው ጤነኛ ነው፤ ቁጥሩ በማነሱም ለኢንፌክሽን የበለጠ አይጋለጡም።

ይህ ሳይታወቅ ሲቀር ሰው ያለ በሽታው ከሐኪም ሐኪም ይመላለሳል፤ መቅኔው በመርፌ እስከ መቀዳት ይደርሳል፤ የሚያስፈልገው መድኃኒትም ሊከለከል ይችላል። ለምሳሌ ክሎዛፒን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለመጀመር በአሜሪካ 2,000 ኒውትሮፊል ይጠየቅ ነበር። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2015 ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ልኩን ወደ 1,000 አወረደው። ስለዚህ ውጤታችሁ በየጊዜው «ዝቅተኛ» የሚል ከሆነ፣ የቀድሞ ውጤቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሐኪሙን የዳፊ ምርመራ ጠይቁት፤ የደም ዓይነት እንደሚለይበት ያለ ቀላል የደም ምርመራ ነው።