ከጠረፍ ምሽግነት ወደ መስተዳድር መቀመጫነት፦ የሉድሎው ግንብ ታሪክ

በእንግሊዝ ሽሮፕሻየር ግዛት፣ ከዌልስ ወሰን አቅራቢያ በምትገኘው የገበያ ከተማ በሉድሎው የሚገኘው ጥንታዊ ግንብ ለጠረፍ ጥበቃ ተሠርቶ በኋላ የአስተዳደርና የፍትሕ ማዕከል ለመሆን የበቃ ታሪካዊ ሕንፃ ነው።

የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እ.ኤ.አ በ1066 በሄስቲንግስ ጦርነት ድል አድርጎ የእንግሊዝን ዙፋን ከያዘ በኋላ፣ ምዕራባዊውን ጠረፍ እንዲጠብቁ ለተከታዮቹ ርስት አደለ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የደ ላሲ ቤተሰብ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከቴም ወንዝ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ግንቡን መሠረተ። በዘመኑ አብዛኞቹ የኖርማን ምሽጎች ከአፈርና ከእንጨት የሚሠሩ ሲሆን፣ ሉድሎው ከቀደምቶቹ የድንጋይ ግንቦች ተርታ ይመደባል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ክብ ቅርጽ ያለው ቤተ ጸሎት የተጨመረለት ሲሆን፣ ከበሩ ፊት ለፊትም መንገዶቿ በፕላን የተቀየሱ የገበያ ከተማ ተቆረቆረች። ለከተማዋ ነጋዴዎች ግንቡ ከለላ፣ ለግንቡ ነዋሪዎች ደግሞ ገበያው የስንቅ ምንጭ ነበር።

ግንቡ ከጊዜ በኋላ ወደ ሞርቲመር ቤተሰብ፣ ቀጥሎም ወደ ዮርክ መስፍኖች ተላልፏል። ኤድዋርድ 4ኛ እ.ኤ.አ በ1461 ሲነግሥ የዘውዱ ንብረት ሆነ። ንጉሡ አልጋ ወራሹን ከአማካሪዎች ጋር በሉድሎው ያስቀመጠ ሲሆን፣ ይህም የዌልስና የወሰን ግዛቶች ምክር ቤት ለተባለው ተቋም መነሻ ሆኗል። አልጋ ወራሹ እ.ኤ.አ በ1483 የአባቱን ሞት የሰማው በዚሁ ግንብ ሳለ ነው። የ12 ዓመቱ ልጅ ወደ ለንደን ከተጓዘ በኋላ ከወንድሙ ጋር በለንደን ግንብ እንዲቆይ ተደርጎ ዘውድ ሳይጭን ደብዛው ጠፍቷል። የሄንሪ 7ኛ የበኩር ልጅ አርተርም ከአራጎኗ ካትሪን ጋር በተጋባ በወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ በ1502 በሉድሎው በማረፉ ዙፋኑ በኋላ ሄንሪ 8ኛ ለተባለው ወንድሙ ተላልፏል።

ምክር ቤቱ የዌልስንና የአጎራባች ግዛቶችን አስተዳደር ይቆጣጠር፣ የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ጉዳዮችንም ይዳኝ ነበር። እ.ኤ.አ ከ1560 እስከ 1586 የመሩት ሰር ሄንሪ ሲድኒ ለዳኞች ማረፊያ የሚሆኑ ክፍሎችን አሠርተዋል። ባለጉዳዮች ከየአቅጣጫው ይጎርፉ ስለነበር የከተማዋ የእንግዳ ማረፊያዎች፣ የሕግ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ኑሮ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ተሳስሮ ቆይቷል።

በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት የንጉሡ ደጋፊዎች ይዞታ የነበረው ግንብ እ.ኤ.አ በ1646 ለፓርላማው ኃይሎች እጁን ሰጥቷል። ይሁንና ይበልጥ የጎዳው ከበባው ሳይሆን የባለቤት መጥፋት ነበር። አቤቱታ የበዛበት ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ1689 በፓርላማ ውሳኔ ሲፈርስ ክፍሎቹ ባዶ ቀሩ። የጣሪያው እርሳስ ተነቅሎ በመወሰዱም ዝናብ እንደ ልብ ገብቶ፣ ሕንፃው በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ፍርስራሽ ሆነ።

ግንቡን እ.ኤ.አ በ1811 የፖዊስ ባላባት ከዘውዱ የገዛው ሲሆን፣ ዛሬ ለጎብኚዎች ክፍት ነው። ከበሩ ፊት ለፊት በሚገኘው አደባባይም ገበያው አሁንም ይቆማል።