የድልድይ ጥበቃ በደቡብ ኦሞ

ድልድይ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚጠበቀው ግን ዘወትር ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት በጢስ ዓባይ አጠገብ የተሠራው የአላታ ድልድይ በዐለት ላይ ስለ ተመሠረተ እስከ ዛሬ ቆሟል። በደቡብ ኦሞ ግን የብዙ ወንዞች ወለል አሸዋ ነው፤ በበጋ በእግር የሚታለፈው ወንዝ በዝናም ወራት በድንገት ይሞላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከአፉ ወጥቶ በዳሰነች ምድር ከ360 የሚበልጡ ሰዎች እንዳለቁ እናስታውሳለን። እንዲህ ያለ ደራሽ የድልድዩን እግር ከሥሩ ይቦረቡራል፤ ላዩ ደኅና መስሎ ሳለ መሠረቱ ይራቆታል።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም መንገድን መሥራትና መጠገን በአንድነት አደራ ተሰጥቶታል። ስለዚህ በጂንካና በአካባቢው የሚሠማራ ወጣት መሐንዲስ ንድፍ ከመንደፍ ሌላ ሦስት ነገር ሊማር ይገባል እንላለን፤ ሲሚንቶው ሲቦካ ናሙና ወስዶ በ28ኛው ቀን ጥንካሬውን መፈተን፣ ጎርፍ ባለፈ ቁጥር የወንዙን ወለል ጥልቀት ለክቶ መመዝገብ፣ ውሃው እስከ ምን ድረስ ወጥቶ እንደነበረ የአገሩን ሽማግሌዎች መጠየቅ።

ወደ ጂንካ ሐኪም ቤት የሚወሰድ በሽተኛ ይህን መዝገብ አያየውም፤ ሕይወቱ ግን በእርሱ ላይ ተሻግራ ታልፋለች።