ሊኑክስን ማዘመን፦ ለየትኛው ኮምፒውተር የትኛው መሣሪያ ይስማማል?

በርካታ ድረ ገጾች የሚገለገሉበት ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለ የምስጠራ ሶፍትዌር የይለፍ ቃሎችንና ምስጢራዊ ቁልፎችን አሳልፎ የሚሰጥ ክፍተት እንዳለበት እአአ በ2014 ይፋ ሆነ። 'ኸርትብሊድ' ለተሰኘው ለዚህ ክፍተት ማስተካከያው የተለቀቀው በዚያኑ ዕለት ነበር። ማስተካከያውን ለመጫን የዘገዩ ሰርቨሮች ግን ለጥቃት እንደተጋለጡ ቆዩ።

የማዘመኛ መሣሪያ ምርጫ ስለዚህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እአአ በ1993 የተጀመረው ዴቢያንና ከእርሱ የተወለደው ኡቡንቱ ለዚህ ሥራ ከአንድ በላይ አማራጭ ያቀርባሉ።

በእጅ ለሚያዘምን ሰው

ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የሚመከረው 'አፕት' ነው። 'አፕዴት' የሚለው ትዕዛዝ የሶፍትዌሮችን ዝርዝር ብቻ ያድሳል፤ አዲሱን ስሪት የሚጭነው 'አፕግሬድ' ነው። 'ፉል አፕግሬድ' ደግሞ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የተጫነ ሶፍትዌርን ሊያስወግድ ስለሚችል፣ ከማጽደቅ በፊት የሚያሳየውን ዝርዝር ማንበብ ይገባል።

በሶፍትዌሮች መካከል ግጭት ሲፈጠር 'አፕቲቲዩድ' የተለያዩ መፍትሔዎችን አቅርቦ ያስመርጣል። ራሳቸውን ችለው ለሚሠሩ ስክሪፕቶች ግን አሠራሩ በቀላሉ የማይለዋወጠው 'አፕት ጌት' ይመረጣል።

በየዕለቱ ተቆጣጣሪ ለሌለው ሰርቨር

'አንአተንድድ አፕግሬድስ' በተለይ የደኅንነት ማስተካከያዎችን ያለ ሰው ትዕዛዝ ይጭናል። ይሁን እንጂ ፋይሉ ቢተካም ቀድሞ የተከፈተው አገልግሎት እስኪዘጋና እንደገና እስኪነሳ ድረስ አሮጌውን ስሪት ይዞ መሥራቱን ይቀጥላል። የትኞቹ አገልግሎቶች እንደገና መነሳት እንዳለባቸው የሚጠቁመው 'ኒድ ሪስታርት' ነው።

ኢንተርኔት ውድ ወይም ደካማ በሆነበት

በርካታ ኮምፒውተሮች ላሏቸው ትምህርት ቤቶችና ቢሮዎች 'አፕት ካቸር ኤንጂ' ጠቃሚ ነው። አንድ ጊዜ የወረደውን ማሻሻያ አስቀምጦ በውስጥ መረብ ለቀሩት ያድላል።

ፈጥኖ ማዘመን ሁልጊዜ ይበጃል?

እአአ መጋቢት 2024 የማይክሮሶፍት ባለሙያው አንድሬስ ፍሮይንድ፣ ወደ ኮምፒውተር ከርቀት መግባት በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱን ተከታትሎ 'ኤክስዜድ' በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተሸሸገ የሰርጎ ገብ መግቢያ አገኘ። አደገኞቹ 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ወደ ዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፎች ዘልቀው ነበር፤ ወደ ተረጋጋው ስሪት ግን አልደረሱም።

ሁለቱ ክስተቶች እርስ በርስ አይጣረሱም። ለአገልግሎት ሰጪ ሰርቨር የሚበጀው የተረጋጋውን ስሪት መያዝ፣ የደኅንነት ማስተካከያዎችን ሳይዘገዩ በራስ ሰር መጫን፣ ትልልቅ የስሪት ለውጦችን ደግሞ መጠባበቂያ ቅጂ ከተያዘ በኋላ በእጅ ማከናወን ነው።